አንድ ጭብጥ የስንዴ ዱቄት

ስሙን ያወጣችለት ሚስቱ ናት። ገና እንደተጋቡ፣ ዳቦ ቤታቸው አንዲት ጠባብ ክፍልና አንድ ምድጃ ብቻ በነበረበት ዘመን፣ ያቦካው ሊጥ ሁሉ ክዳኑን እየገፋ ሲወጣ አየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ውሃ ብትነካ ራሱ ኩፍ የሚል መሰለኝ፤ እርሾ ነህ እንዴ?» አለችው። ዳቦ ሊገዙ የተሰለፉት ሰሙና ሳቁ፤ ስሙ በዚያው ተለጠፈበት። ዛሬ እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ የሰፈር ሰው አይገኝም። እሱም ቢሆን የሆነ ቢሮ ሄዶ በሙሉ ስሙ ሲጠሩት ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰለው ዞር ዞር ይላል።

ጋጋሪ ነበር፣ ያውም አንደኛ ጋጋሪ። መብራት እየሄደ በሚመጣበት፣ ዱቄቱ እርጥበት ጠጥቶ በሚደርስበት፣ ምድጃው በአንድ ጎኑ እያሳረረ በሌላው ጥሬ በሚተውበት ቀን እንኳ የእርሾ ዳቦ ውስጡ የለሰለሰ፣ ቅርፊቱ የሚንኮሻኮሽ ሆኖ ይወጣል። አንድ ጉድለት ግን ነበረበት። ሰው ሲያመሰግነው ያፍራል፤ ካላመሰገነው ደግሞ ያኮርፋል። ዳቦውን ተቀብሎ ዝም ብሎ የሄደ ደንበኛ ካለ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነው ይውላል። «ዝም አለ እኮ፤ አልጣመው ይሆን?» ይላታል ሚስቱን። «ሰውየው ቸኩሎ ነው! ለዳቦ ደግሞ ጭብጨባ አለ እንዴ?» ትለዋለች። ይህን ጠባዩን አስቀድሜ የምነግራችሁ ኋላ የመጣው ጣጣ ሁሉ ከዚህችው ስለተመዘዘ ነው።

ሚስቱ ሻጭ ነበረች። መንገድ ዳር ካለው መስኮት ጀርባ፣ ከፍ ያለ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ስትሸጥ ጸጉሯ ሸበተ። ከሽማግሌው ጋር ትቀልዳለች፣ ችኩሉን ታረጋጋለች፣ ትናንት የተጣሉ ጎረቤታሞች አንድ ላይ ከተሰለፉ ደግሞ ሳያውቁት ታስታርቃቸዋለች። በየማለዳው ከምድጃ ከወጣው የመጀመሪያ ዳቦ ጫፉን ቆርሳ ትኩሱን መብላት የእሷ ድርሻ ነው። እንፋሎቱ ሳይበርድ በጣቶቿ እያገላበጠች፣ «እፍ፣ እፍ» እያለች ስትበላ እርሾ ምድጃው አጠገብ ቆሞ ያያታል። ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ራሷን ከነቀነቀች ቀኑ ሰመረለት ማለት ነው።

ታዲያ ስኳር ያዛት። ውሃ ጥም አላስቆም አላስቀምጥ ሲላት፣ ዓይኗም ብዥ ሲልባት ሄዳ ተመረመረች። ሐኪሙ ጺሙ ገና በደንብ ያልበቀለ ወጣት ነው፤ ነገሩን ግን ሳያድበሰብስ ነገራት። ጣፋጭ የለም፣ ዳቦ የለም፣ ዱቄት የነካው ነገር ሁሉ የለም። «ሥራዎ ምንድን ነው?» አላት በመጨረሻ። «ዳቦ እሸጣለሁ» ስትለው የቀለደች መስሎት ሳቀ።

ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ዳቦ ሲወጣ ፊቷን ወደ መንገዱ ታዞራለች። ጫፉ ሳይቆረስ ለገዢ ይሰጣል። እርሾ ሆድ ባሰው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ዳቦውን ቢያሞግስለት እንኳ አንዲቷ ራሷን የምትነቀንቅለት ሰው ከቀረች፣ ያ ሁሉ ሙገሳ ጆሮው ጫፍ ላይ ይቀር ጀመር።

አንድ ልጅ አላቸው። አስተማሪ ናት፤ ከባሏ ጋር ከከተማው ማዶ ትኖራለች፤ በሳምንት በሳምንት ትጠይቃቸዋለች። አንድ ቀን አንድ ከረጢት ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዱብ አደረገችው።

«አልመንድ የሚሉት የፈረንጅ ለውዝ ነው፣ የተፈጨ» አለች። «እንደ ስንዴ አይደለም፤ ካርቦሃይድሬቱ ትንሽ ነው፣ ስኳር ከፍ አያደርግም። ሐኪሙንም ጠይቄዋለሁ። በዚህ የተጋገረ ዳቦ ከሆነ እማዬ እንደ ልቧ ትብላ።»

«እንደ ልቤ?» አለች እናት።

«እንደ ልብሽ።»

እናትዬዋ ቃሉን ለብቻዋ ሁለት ሦስቴ አለችው። እርሾ ከረጢቱን ከፈተ፣ ጣቱን ነከረ፣ አሸት አሸት አድርጎ አሸተተው። ወዝ ያለው፣ ጨበጥ ሲያደርጉት የሚጠቀለል፣ ሲለቁት የሚበተን ነገር ነው። «እናየዋለና!» አለ እንደ ጎረምሳ እጅጌውን እየሰበሰበ።

በማግስቱ እጁ የሚያውቀውን አደረገ። የሊጥ እርሾ ጨመረ፣ ውሃ ጨመረ፣ ያሽ ጀመር። ስንዴ ሲታሽ ይነቃል፣ ይሳባል፣ እንደ ሕፃን ጉንጭ ይለሰልሳል። ይሄኛው ባሸው ቁጥር ዘይቱን እያወጣ መዳፉ ላይ አላበው። ሸፍኖ አሳደረው፤ ጠዋት ክዳኑን ሲያነሣ እንዳስቀመጠው ነው። ጋገረው፤ ጡብ ሆኖ ወጣ። ቢላ ቢያስነካው ፈረሰ።

ሚስቱ ፍርፋሪውን በማንኪያ እየዛቀች በላች። «ጣዕሙስ ደህና ነው» አለች። «መልኩ ነው እንጂ ከግንባታ ቦታ የዘገንከው መሰለ።» ብቻዋን ሳቀች።

ልጅቱ በሳምንቱ መጥታ ጉዱን ስታይ ራሷን ያዘች። «አባዬ፣ ይሄ እኮ አይታሽም። እንቁላል ትመታለህ፣ ቅቤ ታቀልጣለህ፣ ቤኪንግ ፓውደር ጣል ታደርጋለህ፣ በማንኪያ አማስለህ ቆርቆሮው ውስጥ መገልበጥ ነው። አለቀ።»

«እና እኔ ምን ልሠራ ነው?» አላት።

የቀለደ መስሏት ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። እሱ ግን ከልቡ ነው የጠየቀው። ማንም ሰው በማንኪያ አማስሎ የሚገለብጠው ነገር ከሆነ እርሾ እርሾ መሆኑ ምኑ ላይ ነው?

ቢሆንም እንዳለችው አደረገ። ዳቦው በዚህኛው አልፈረሰም፤ ድፍት ያለ፣ ከበድ ያለ፣ ሲቆርጡት ጠርዙ የሚራገፍ ሆኖ ወጣ። ሚስቱ በላችና «ደህና ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው። ደህና ነው! ዓይኗን አልጨፈነችም፣ ራሷን አልነቀነቀችም። ቆሽቱ አረረ። አንድ ሳምንት እንቁላል እየጨመረ፣ አንድ ሳምንት እየቀነሰ ሞከረ። በየቀኑ ደህና ነው፣ በየቀኑ እግዜር ይስጥልኝ።

አንድ ማለዳ በዳቦ ቤቱ ጓዳ የአልመንዱን እያማሰለ ሳለ የስንዴ ዱቄቱ በርሜል ከጎኑ ተከፍቶ ነበር። እጁ ሄደና አንድ ጭብጥ ዘግኖ ጣል አደረገ። ኋላ «እጄ ነው የሄደው» እያለ ራሱን ሊያባብል ሞክሯል። እውነት ነው፤ ጋጋሪ ሊጥ ሲላላበት ዱቄት ይነሰንሳል፣ ሲጣበቅበትም ይነሰንሳል፤ ሐሳቡ ሳይደርስ እጁ ይቀድማል። ለዚያች ለመጀመሪያዋ ጭብጥ እኔም ይህን እቀበልለታለሁ። ለተከታዮቹ ግን አልቀበልለትም። እጅ ብቻውን ያን ያህል አይመላለስም።

ያን ቀን ዳቦው ትንሽ ቀና አለ። ጠዋት መስኮቱ ጋ ሲሰጣት ቁራሹን በጣቶቿ ይዛ አጠፈችው፤ ታጠፈ እንጂ አልተሰበረም። ቀና ብላ አየችው። ጎረሰች፤ ዓይኗን ጨፈነች።

«የኔ ጌታ! ይሄ እኮ ዳቦ ነው!»

እርሾ «አንድ ጭብጥ ብትሆን ምን ታደርጋለች፤ ማያያዣ እኮ ናት» ብሎ አሰበ፤ እንደዚያው ብሎ ሊነግራትም አፉን ከፍቶ ነበር። እሷ ግን ራሷን እየነቀነቀች ነበር፤ ስንት ወር የናፈቀውን ያንኑ ንቅናቄ። አፉን መልሶ ዘጋው።

በማግስቱ ጭብጧ ሁለት ሆነች። ከዚያ መቁጠሩንም ተወው። ዳቦው በየቀኑ ከፍ፣ ለስለስ እያለ ሄደ፤ ቅርፊቱም ይንኮሻኮሽ ጀመር። እንደ ልብሽ ብይ ተብላ የለ፣ ጠዋት ትበላለች፣ ቀን ትበላለች፣ ማታም ከሻይ ጋር ትደግማለች። ጉንጯ ሞላ። ለገዢው ሁሉ «የእኔ ሰው ከአልመንድ ዳቦ አወጣላችሁ!» እያለች ታወራለች። እሱ ጓዳ ሆኖ ይሰማታል፤ ደስ ይለዋል፤ ደስ ሲለው ደግሞ ተነሥቶ የበርሜሉን ክዳን ይገጥማል።

ፊት ለፊታቸው አንድ ጡረታ የወጣ ሾፌር ይኖራል። ስኳር አለበት። ወሬውን ሰምቶ አንድ ቀን መስኮቱ ላይ በክርኑ ተደገፈና፣ «እርሾ፣ ለእኔም አንዱን ጋግርልኝ እንጂ! እኔስ ሰው አይደለሁ?» አለው።

እርሾ «አይሸጥም፤ ለእሷ ብቻ ነው የምጋግረው» አለ።

«በዱቤ አላልኩህም እኮ፣ ሰውዬ።»

«አይሆንም አልኩህ።»

ሾፌሩ ተቀይሞ ሄደ። ሚስቱ ግን ፊቷ በራ፤ ለመጣው ሁሉ «ለእኔ ብቻ ነው የሚጋግረው፤ ለሌላ ሰው እንቢ አለ!» እያለች ስትስቅ ዋለች። እንግዲህ እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ለሾፌሩ የሳሳው ለሚስቱ አልሳሳም። ዳቦው ለስኳር በሽተኛ እንደማይሆን ባያውቅ ኖሮ ለሾፌሩ ሦስት ጋግሮ ነበር የሚሰጠው።

ስኳሯ ከፍ አለ። ልጅቱ በመጣች ቁጥር ጣቷን ወግታ በመለኪያው ታያለች፤ ቁጥሩንም ደብተሯ ላይ ታሰፍራለች። ሐኪሙ መድኃኒት ጨመረ፤ አልወርድ አለ። መርፌ አዘዘ፤ ያም ወረድ ብሎ መልሶ ይወጣል። «ምግባቸውን በደንብ ይጠብቃሉ?» አላት ልጅቱን ወደ ጎን ወስዶ። ልጅቱ ዕድሜዋን ፈተና ላይ የሚኮርጅ ተማሪ ስትይዝ የኖረች ሰው ናት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቷን በዚያው ዓይን ታያት ጀመር።

«እማዬ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ምን እየበላሽ ነው?»

«በአንቺ ሞት፣ ምንም! ጎመኔንና ዳቦዬን ብቻ።»

«ዳቦው አያወጣውም፤ ካርቦሃይድሬት የለውም እኮ! ሌላ ምን በላሽ?»

ቁም ሳጥኑን ከፈተች፣ መሳቢያውን አገላበጠች፣ የካፖርቷን ኪስ ፈተሸች። ከኪሱ ከድሮ ጀምሮ የቆየች አንዲት ከረሜላ ወጣች፤ ከወረቀቷ ጋር የተጣበቀች። «ይሄስ?» አለች ልጅቱ። እናትዬዋ ከረሜላዋን እያየች ማስረዳት ጀመረች፣ ከየት እንደመጣች ግን ማስታወስ አቃታት፤ እንባዋ መጣ። «ሌባ አደረግሽኝ?» አለች። ልጅቱም አለቀሰች። «ሌባስ ሌላ ሰው ይሰርቃል፤ አንቺ ራስሽን ነው የምትሰርቂው!»

እርሾ በሩ ላይ ሻይ ይዞ ቆሞ ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች ከእሱ የምትጠበቀው፤ አልተናገራትም።

በማግስቱ ስንዴ ሳይነካ ጋገረ። ዳቦው እንደ ድሮው ድፍት ብሎ ተራገፈ። ሚስቱ፣ ትናንት የተሰደበችው ሚስቱ፣ ቁራሹ እጇ ላይ ሲፈርስ እንባዋን አቀረረች። «አንተም ጨከንክብኝ?» አለችው። «ልጅህን አመንካት አይደል? እጅህ እንኳ ከእኔ ዞረ።» ይህን እንዴት ይቻላል? በሚቀጥለው ቀን በርሜሉን ከፈተ።

በዚህ መሃል የነጠላ ጫማዋ ማሰሪያ ትንሿን የእግር ጣቷን ላጣት። ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቁስል ናት። ታክማ አልዳነች፣ ታሽጋ አልዳነች። ዳሯ እየጠቆረ መጣ።

የሴትዮዋ ነገር የባሰው ግን እግሯ ላይ አይደለም። ከሁሉ የባሰው ራሷን መጠርጠር መጀመሯ ነው። አንድ ቀን መነጽሯን ራሷ ላይ አድርጋ ስትፈልገው ዋለች፤ ይሄ በማን አይደርስም? እሷ ግን ፈራች። «ምናልባት በእንቅልፍ ልቤ እየተነሣሁ እበላ ይሆናል» አለች፤ መጀመሪያ እንደ ቀልድ፣ ኋላ የምሯን። ከዚያ አንድ ማታ፣ ከመተኛታቸው በፊት፣ ሻሿን አወጣችና አንዱን ጫፍ በእጇ አንጓ፣ ሌላውን በእሱ አንጓ አሰረችው።

«አንተ እንቅልፍህ ቀላል ነው፤ ከተነሣሁ ትነቃለህ» አለችው። «ልጄ ነገ ጠዋት መጥታ ስትለካኝ እውነቱን ትነግራታለህ።»

ጋጋሪ ከወፍ ቀድሞ ነው የሚነሣው። እርሾ ሲነሣ ሻሹ እንደታሰረ ነበር፤ ቋጠሮው ውልፍት አላለም። በጥርሱ ይዞ ቀስ ብሎ ፈታው፣ አጣጥፎ ትራሷ ላይ አኖረው፣ ወደ ሥራው ሄደ። የዕለቱን ዳቦ ይዞ ቁርስ ላይ ሲመለስ ልጅቱ እናቷን ለክታ ጨርሳለች፤ መለኪያው እጇ ላይ ነው፤ ፊቷን ላየው የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

«ጠይቂው!» አለች እናት፤ ድምጿ የአሸናፊ ነበር። «ታስሬ ነው ያደርኩት። ንገራት እስቲ፣ ሻሹ እንደታሰረ አይደል ያገኘኸው?»

ልጅቱ አባቷን አየች። «ታስራ ካደረችማ ሌላ ነገር ነው ማለት ነው» አለችና ዓይኗ ጠረጴዛው ላይ ተንከራተተ፤ ሻዩ፣ ጎመኑ፣ እርሾ አሁን ያስቀመጠው ዳቦ። ዳቦው ላይ ቆመ።

እርሾ «ስነሣ… ተፈትቶ ነው ያገኘሁት» አለ።

ዱቄቱ አንድ ነገር ነው። ዱቄቱን በኩራት፣ በሙገሳ ጥም፣ በጋጋሪ ልማድ ላሳብብለት እችል ነበር። ለዚህች ቃል ግን የማሳብብበት ነገር የለኝም፤ እሱም ፈልጎ አላገኘም። ሴትዮዋ አልተከራከረችም። የገዛ እጇን ገልብጣ አየችው፤ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ። «አየሽ» አለች ለልጇ ቀስ ብላ፣ «እኔው ነኝ ለካ።»

ከዚያን ቀን ወዲያ አንዲት ቅንጣት ስንዴ አልጨመረም። በርሜሉን ከጓዳው አውጥቶ ሌላ ክፍል ወሰደው፤ የአልመንዱን ሲያማስል እጁን ሁለቴ ይታጠባል። ግን ምን ዋጋ አለው? ሚስቱ በዚያው ሰሞን ለብቻዋ መቀመጥ ፈራች። መስኮቱን ተወችው፤ ዳቦ መሃል ማን ያምነኛል አለች። ሰው ባለበት ክፍል ወንበር ላይ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ የገባው ሁሉ እንዲያያቸው። ሽንት ቤት እንኳ ስትሄድ ትናገራለች። እንግዲህ ስንዴው ሲቀር ስኳሯ ወረደ። ልጅቱ ደስታውን አልቻለችም። «አያችሁ? ጠበቅናት፤ ወረደ!» አለች። እናትም ራሷን ነቀነቀች። የስንዴው መቅረት ጥፋተኝነቷን አረጋገጠባት። ልጅቱ የአእምሮ ሐኪም ቀጠሮ ያዘችላት፤ እሺ አለች፤ የሚሏትን ሁሉ እሺ ማለት ጀምራ ነበር።

«ዳቦህም እኔን አይቶ ከፋው» አለችው አንድ ቀን ፍርፋሪውን ከቀሚሷ ላይ እየለቀመች። «ይሁን። ከሌላ ሰው እጅ እህል አልቀምስም፤ ከአንተ እጅ ብቻ ነው የምበላው። አንተ አትጎዳኝም።»

ቁስሏ ግን የጀመረውን አልተወም። ጥቁረቱ ከጣቷ አልፎ ወደ ላይ ሲወጣ ሆስፒታል ተኛች። ቀዶ ሐኪሙ እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ መቆረጥ እንዳለበት ነገራቸው።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት በነበረው ቀን እርሾ ዳቦዋን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። አልጋዋ መስኮት አጠገብ ነው፤ ከጎኗ ባለው አልጋ ላይ አንዲት አሮጊት ተኝታለች። ሚስቱ እጁን ያዘችው። እጇ ቀልሏል።

«እንኳንም ያኔ እውነቱን ነገርካት» አለችው። «አንተ ባትናገር ኖሮ በእንቅልፍ ልቤ ስበላ ሞቼ ነበር። እግሬን ራሴ ነኝ የበላሁት፤ ነፍሴን ግን አንተ አተረፍክልኝ።»

እርሾ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻለም።

«አልተነሣሽም» አላት።

«ምን አልክ?»

«አንድም ቀን አልተነሣሽም። ሻሹም እንደታሰረ ነበር፤ እኔ ነኝ የፈታሁት። ዳቦው ውስጥ ስንዴ ነበረበት። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

«ያ የሚታጠፈው?»

«አዎ። ያ የሚታጠፈው።»

«በእንቅልፍ ልቤ አልሄድኩም?»

«አልሄድሽም።»

«ከረሜላም አልሰረቅኩም? ምንም?»

«ምንም።»

እጁን ለቀቀችና ሁለት እጆቿን ፊቷ ላይ አደረገች። ያለቀሰች መሰለው፤ እሷ ግን እየሳቀች ነበር። «ተመስገን! ተመስገን!» አለች። ወደ አሮጊቷ ዞረች። «ሰሙ እናቴ? ጤነኛ ነኝ! አእምሮዬ ደህና ነው! ምንም አልሆንኩም!» አሮጊቷ ምን እንደሆነ ባይገባትም «እልል በይ ልጄ» አለቻት። እርሾ ስንት ቀን ያላየውን ሳቅ እያየ፣ ቂል ልቡ ለአፍታ ቀለል አለው። ይቅር የተባለ መሰለው።

ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ አለቀ። ዓይኗ በብርድ ልብሱ ላይ ወርዶ እግሯ ያለበት ጋ ደረሰ፤ እዚያም ቆየ። ያመጣላትን ዳቦ ገና አልነካችውም ነበር። ጨርቁን መልሳ ጠቀለለችው፣ ጫፉን እንዳይፈታ ወተፍ አደረገች፣ በእሱ በኩል ወዳለው የኮመዲኖ ጠርዝ ገፋችው።

«ውሰደው» አለች።

ለልጅቱ ኮሪደር ላይ ነገራት። ትጮሃለች ብሎ ነበር፤ አልጮኸችም። ግድግዳውን ተደግፋ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። «አባዬ፣ እኔ እኮ እማዬን ሌባ አልኳት» አለች፤ «ቆመህ ታየን ነበር እኮ።»

እግሯ ተቆረጠ። ተረፈች፤ በክራንች ወደ ቤቷ ተመለሰች። እርሾ የሚጠብቀው ስድብ ነበር። ብትሰድበው፣ ብትራገመው፣ ለሰፈሩ ብትነዛበት በወደደ። እሷ ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ለጠያቂው ሁሉ «ስኳር ነዋ» ብላ ታልፋለች። እሱንም ታናግረዋለች፤ ውሃ አቀብለኝ ትለዋለች፣ ዛሬ ብርድ ነው ትለዋለች። ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ ከእጁ የወጣ እህል አትቀምስም። በየጠዋቱ ንጹሑን የአልመንድ ዳቦ ጋግሮ ጠረጴዛው ላይ ያኖርላታል፤ እሷ ደግሞ በጨርቅ ጠቅልላ ለሾፌሩ ትልከዋለች። ሾፌሩ ቂሙን ረስቶ፣ «እትዬ፣ እንዲህ ለእኔ ስትሳሺ እርሾ አይቀናም?» እያለ ይቀልዳል።

አንድ ማለዳ እርሾ የመጀመሪያውን ዳቦ ከምድጃ አውጥቶ፣ ሁለተኛውን ሊጥ ሸፍኖ፣ ቁርስ ሊቀምስ ወደ ቤት ሲገባ ሚስቱ ወጥ ቤት ቆማ አገኛት። አንዱን ብብቷን ክራንቹ ላይ ጥላ፣ በአንድ እጇ ሳህን ውስጥ የአልመንድ ዱቄት ታማስላለች። ልጅቱ ናት መሰለኝ ከረጢቱን ያመጣችላት። ከመስኮቱ ጀርባ ዕድሜዋን ስትሸጥ ኖረች እንጂ ጋግራ አታውቅም። ማንኪያውን አያያዟ እንኳ ያስታውቃል።

እርሾ በሩ ላይ ቆሞ ውህዱን አየ። ደርቋል። እንዲህ ከገባ መሃሉ ይሰነጠቃል፣ ሲበርድ ይፈርሳል። ዝም ማለት ነበረበት፤ ጋጋሪ ነውና አልቻለም።

«አንድ እንቁላል ቢጨመርበት» አለ፤ ወደ ሳህኑም ጠጋ ብሎ እጁን ዘረጋ።

ማንኪያው ቆመ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አላየችውም። የማንኪያውን እጇን ሳህኑ ዙሪያ አዞረችና ደረቷ ላይ አስጠግታ ከለለችው፣ ሰው ከምግቡ ላይ ዝንብ እንደሚከለክል። የምታየው የተዘረጋውን እጁን ነበር። እርሾም አብሮ አየው። እስከ ክርኑ ድረስ ስንዴ ለብሶ ነጭ ነው።

ወደ ቧንቧው ሄደ። በሳሙና ታጠበ፣ ጥፍሩን ሥር ሥሩን ፈተገ፣ ደግሞ ታጠበ። በፎጣ አድርቆ ተመልሶ በሩ ላይ ቆመ።

«ታጥቤያለሁ» አላት።

ክንዷ ከሳህኑ ዙሪያ አልተነሣም። እርሾ ወጣ። ዳቦ ቤቱ ሲደርስ ሁለተኛው ሊጥ ኩፍ ብሎ ክዳኑን ገፍቶት ነበር።